ቀዩ ይመለስ

ቦነስ አይረስ፣ ማርች 9 ቀን 1997

ይድረስ ለአጎቴ ለሳቱርኒኖ ዩክራ፣ ኬሎካንቻ

ይህች ወረቀት ከአውቶቡስ ወደ ጭነት መኪና እየተዛወረች ደጅዎ እስክትደርስ ድረስ እርስዎንም፣ አክስቴን ኤውሴቢያንም፣ መንጋውንም እግዚአብሔር ከውርጭና ከበሽታ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ገና አልለቀቀንም፤ መስኮት ከፍቼ ነው የምተኛው። ይህን እንደማያምኑኝ አውቃለሁ።

ሳልጽፍልዎ ብዙ ቆየሁ፤ አፍሬአለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከተራራው ወገን የቀራችሁኝ እናንተ ናችሁ። በሥጋ ቢቆጠር እርስዎ የእናቴ የአጎት ልጅ ነዎት፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «አጎቴ» ማለት እንጂ ሌላ አለመድኩም።

ዛሬ የምጽፈው ለልመና ነው። እዚህ የምማረው የእንስሳት መድኃኒት እንደሆነ ያውቃሉ። አንድ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ስንት ቀን እንደሚቆይ መለካት ነው ሥራዬ። ለእከክ የሚሆን አዲስ መርፌ መጥቷል። ለበግ መጠኑ ይታወቃል። በእናንተ ባለሱፍ አልፓካ ግን የለካው ሰው ስለሌለ አልፓካንም እንደ በግ ቆጥረው ይወጓታል። አንዳንዷ አትድንም፣ አንዳንዷ ደግሞ በዝቶባት ትሞታለች። በዚያ ክፉ ዓመት ስንቷ እንደሞተችብዎ እናቴ ነግራኛለች።

ስምንት አልፓካ ያውሱኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ይወጋሉ። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን ቶሎ ቶሎ፣ ቀጥሎ በየቀኑ፣ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ትንሽ ትንሽ ደም ይቀዳል። መደጋገሙ እንዳይጎዳቸው በወጣው ልክ ንጹሕ የጨው ውሃ በደም ሥራቸው ይገባላቸዋል። የማገኘው ቁጥር ለወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ነው የሚሄደው፤ በዲሴምበር፣ ሴቶቹ ከመውለዳቸው በፊት፣ የወረዳው መንጋ ሁሉ በዚያ ልክ ይወጋል።

ከዚህ ምን ልላክልዎ? ሳያፍሩ ይንገሩኝ።

አክባሪዎ ዴልፊና

*

ኬሎካንቻ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1997

ለልጄ ለዴልፊና ሱካሪ፣

የእናትሽ አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ተራሮቹም ከሩቅ ይዩሽ። እኛ ቆመን እንሄዳለን። ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ኤውሴቢያ ጉልበቷን ያማታል፤ አፏ ግን ጤነኛ ነው፣ አታስቢ።

አልፓካዎቹን ስለጠየቅሽው፣ ላንቺ እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም። ግን የጨው ውሃ ያልሽው ነገር አልገባኝም። የጨው ውሃ ደም ነው እንዴ? እንግዳ በመጣ ቁጥር ሾርባው ላይ ውሃ የሚጨምር ሰው ቤት በልተሽ ታውቂያለሽ? ሳህኑ ሙሉ ነው፣ ሆድ ግን ባዶ። ከእኛ በላይ በረዶና ሰማይ ብቻ ነው ያለው። እዚህ ከታች የመጣ ጎረምሳ እንኳ አሥር እርምጃ ሄዶ ይቀመጣል። ደሟ የቀጠነ አልፓካ ይህን ተራራ እንዴት ትወጣዋለች?

ደግሞ ደም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «ይተካል» ትላለች። አባቴ በቅሎ ረግጣው ደሙ የፈሰሰ ጊዜ እስኪሞት ድረስ ገርጥቶ ነው የኖረው፤ ሲተካ አላየሁም። አንቺ ተምረሻል፤ እኔም ዓይን አለኝ።

ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው። ደም ከወሰዳችሁ ደም መልሱ። ካልሆነ በግ ለምኚ፤ በግ ብዙ አይጠይቅም። ከመለሳችሁ ግን ስምንቱን አዘጋጃለሁ። ከስምንቱ አንዷ የኤውሴቢያ አሮጊት ኩሲ ትሆናለች፤ ከወለደች ዘመን የላትም፣ ሰው ሲነካት ዝም ብላ ነው የምትቆመው። ኤውሴቢያ ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የምታማክረው።

ምን ልላክ ላልሽው የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። የአንቺ ፊደል የሚያንስ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኔ ነው ለካ። ባል አገኘሽ ወይስ አሁንም የዚያን አገር የከብት ሥጋ መብላት ብቻ ነው ሥራሽ?

አጎትሽ ሳቱርኒኖ

*

ቦነስ አይረስ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ በጤናዎ ዜና ታጅቦ ስለደረሰኝ ተመስገን። ለአክስቴ ጉልበት ቅባት በዚሁ ጥቅል ውስጥ አለ፤ ለአፏ የሚሆን ግን እዚህም አልተገኘም። ባልም እንደዚያው።

የጻፉልኝን ለፕሮፌሰሬ አነበብኩለት። ስለ ሾርባው ሲሰማ ሳቀ። ስለ ከፍታው ሲሰማ ግን ሳቁን ተወና ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ ደግሞ አነበበው። እንዲህ ተስማማን። ደሙ ከተቀዳ በኋላ በምታሽከረክር ማሽን ይዞራል። ሲዞር ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ይንሳፈፋል። እኔ የምፈልገው መድኃኒት ያለው ቢጫው ውስጥ ነው። ቀዩ አያስፈልገኝም። ስለዚህ ቀዩ በሞቀ የጨው ውሃ ተለውሶ ወዲያው ለባለቤቷ ይመለሳል። ለሌላዋ አይሰጥም፤ ከራሷ የወጣ ወደ ራሷ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በየጊዜው ከብልቃጡ ጋር ተጣብቆ ጥቂት ይቀራል። ደም በጊዜ ብዛት ይተካል የሚለውን ግን ስመጣ ፊት ለፊት እከራከርዎታለሁ።

ደሙን የሚቀዳው ግሊሴሪዮ የሚባል የኹሊያካ ልጅ ነው፤ ማሽኑንና ጄኔሬተሩን ይዞ በጁን መጨረሻ ይመጣል። የጆሮ ቁጥሮቹን ጉምሩክ ስለያዘብን ስምንቱን እርስዎ ጆሯቸው ላይ በቀይ ሱፍ ምልክት ያድርጉልን። እሱ በዚያ ነው የሚለያቸው።

መነጽሩን አድርገው ይሄንን ካነበቡ ደስታዬ ነው።

ዴልፊና

*

ኬሎካንቻ፣ ጁላይ 13 ቀን 1997

ለልጄ ለዴልፊና፣

ሰላምታሽ ከነሙቀቱ ደርሶናል፤ ውርጭ ላይ ስለሆንን ሙቀቱን ለራሳችን አስቀረነው። እግዚአብሔር ያክብርሽ። መነጽሩን ሳደርገው ኤውሴቢያ «ዳኛ መሰልክ፣ ማንን ልታስር ነው?» ብላ ሁለት ቀን ሳቀችብኝ።

ሥራው አልቋል። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የጆሮ ዘርፍ የምናስረው ከጾም በፊት፣ በካርኒቫል በዓል እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ በጁን ቀይ ዘርፍ ሳስር አገር ሁሉ ሳቀ፤ ሳቱርኒኖ ካርኒቫሉ ቀድሞበታል ተባለ። ግሊሴሪዮ ጥሩ ልጅ ነው። ቀጭን ነው፣ ከሰው ይልቅ ማሽኑን ነው የሚያናግረው። በመጀመሪያው ቀን አንዷ ፊቱ ላይ ተፋችበት፤ እሱም ይቅርታ ጠየቃት። ማሽኑ ሲቆም በዓይኔ አየሁት። ቀዩ ከታች፣ ቢጫው ከላይ። ቀዩን አሙቆ ለባለቤቷ መለሰ። እስከዚህ ድረስ ቃልሽን ጠብቀሻል።

ችግሩ የመጣው በቢጫው ነው። ሰዉ በጉረኖው ግንብ ላይ ተደርድሮ ያያል። የኤውሴቢያ ወንድም ኤርሞኼኔስ ወደ ጎን ሳበኝ።

«ሳቱርኒኖ፣ ይሄ ሰውዬ ስብ እየቀዳ ነው።»

«የምን ስብ?»

«ቢጫውን አታይም? ቀዩን የሚመልሰው ለማስመሰል ነው። ካሪሲሪ ነው።» መንገድ ላይ የተኛ ሰው ስብ የሚሰርቀውን ማለቱ ነው፤ አንቺም በልጅነትሽ ፈርተሽዋል።

«በበረዶ ሳጥን የሚጓዝ ካሪሲሪ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም። ዘመኑ ነዋ፤ እነሱም ይሻሻላሉ።»

ስቄ ዝም አሰኘሁት። በሁለተኛው ቀን ማታ ግን ኩሲ ልትነሳ ስትል የኋላ እግሯ ተንቀጠቀጠ። ኤውሴቢያ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች።  ብቻ ነገሩን በእኛ ወግ አስተካክለን ጨረስነው። ጎረቤቱም ማጉረምረሙን ተወ፣ ኤውሴቢያም እንባዋን ጠረገች። ግሊሴሪዮ ሥራውን እስከ መጨረሻው ቀን ሠርቶ ሄዷል። አንዲትም አልሞተችም።

ውጤቱን ስታውቂ ጻፊልን።

አጎትሽ ሳቱርኒኖ

*

ቦነስ አይረስ፣ ኦገስት 24 ቀን 1997

ለውድ አጎቴ፣

ይህችን የምጽፍልዎ በደስታ እየተጣደፍኩ ነው፤ ፊደሌን ይታገሡኝ። እርስዎንም አክስቴንም ባለሁበት ሆኜ ጉልበት ስሜአለሁ።

የስምንቱም ደም ተለካ። በሁለተኛው ቀን መድኃኒቱ በደንብ አለ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ የለም! ከስምንቱም ጠፍቷል። በግ ላይ ከሳምንት በላይ ነው የሚቆየው። ፕሮፌሰሬ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ሦስቱም ያው ነው። አልፓካ መድኃኒቱን በሁለት ቀን ታስወጣዋለች ማለት ነው፤ ለዚህ ነው በበግ ልክ ሲወጉ የማይድኑት።

ሌላው ደግሞ እርስዎን የሚመለከት ነው። በሁለተኛው ቀን ደማቸው ጥቂት ሳስቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን እንደ መጀመሪያው ቀን ወፍራም ሆኖ ተገኘ፤ እስከ መጨረሻውም አልቀነሰም። ቀዩን መመለስ እንዲህ ይሠራል ብሎ እዚህ የገመተ የለም። ይህንን ብቻውን የሚያወሳ ሌላ ጽሑፍ ልንጽፍ ነው። አጎቴ፣ ሐሳቡ የእርስዎ ነው። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ስምዎ በምስጋና እንዲገባ ጠይቄ ፕሮፌሰሬ እሺ ብሎኛል።

ወረዳው ከአሁኑ መዘጋጀት ጀምሯል። መድኃኒቱ ቶሎ ስለሚወጣ በዲሴምበር መንጋው ሁሉ በየሦስተኛው ቀን፣ አምስት ጊዜ ይወጋል። እርጉዞቹም ጭምር። ከዚያ በኋላ እከክ በኬሎካንቻ ተረት ይሆናል።

ኩሲ እንዴት ናት? ለእናቴ ሻማ አብርቻለሁ፤ ይህን ብትሰማ እንዴት ደስ ባላት።

ዴልፊና

*

ኬሎካንቻ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1997

ለልጄ ለዴልፊና፣

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ፤ ይጣደፍም ግድ የለም። ደብዳቤሽን ኤውሴቢያ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ በሦስተኛው ላይ ኤርሞኼኔስንም ጠርታ አስቀመጠችው። እናትሽን አነሳን፤ እንደ ወጋችን የኮካ ቅጠልም ለምድር አኖርንላት። ኩሲ ደህና ናት፤ የሰው ገብስ ትሰርቃለች።

ስለ ስሙ ግን አንድ ነገር አለኝ። የእኔ ስም ብቻውን መግባት የለበትም። የኤርሞኼኔስም ይግባ፤ እንዲያውም ከእኔ በፊት ጻፊው፣ ቅር እንዳይለው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ደም የሰጡት የእሱ ስምንት ናቸው እንጂ የእኔ አይደሉም።

እንደምታውቂው እኛ ዘንድ ሸክም በተራ ነው። ቦዩን ስንጠርግ በተራ ነው፣ የትምህርት ቤቱንም ጣሪያ ያለበስነው በተራ ነው። ኩሲ እግሯ ሲንቀጠቀጥ ለራሴ «የአንድ ቤት እንስሳ ብቻውን ለአገር ሁሉ ለምን ይደማል?» አልኩ። ኤርሞኼኔስ በመጀመሪያ ስለ ካሪሲሪው አንገራገረ፤ እህቱ ስትለቅስ ሲያይ ግን ሆዱ ባባ። ግሊሴሪዮ ቤንዚን ሊገዛ ከተማ በወረደበት ጠዋት ዘርፎቹን ፈትቼ ለእሱ ስምንት አሰርኩላቸው። እነሱም እንደ እኔዎቹ ነጭ ናቸው። ልጁ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። ምንም አላወቀም፤ የከተማ ሰው ጆሮ ነው እንጂ ፊት አያይም። ለእነሱም ቀያቸው እንደ ሥርዓቱ ተመልሶላቸዋል።

ስማችን ያለበትን ወረቀት ስትጨርሺ አንድ ላኪልን፤ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። ሌላ የምፈልገው የለም።

አጎትሽ ሳቱርኒኖ

*

ኬሎካንቻ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1997

ለልጄ ለዴልፊና፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? መኪናው በመጣ ቁጥር እወርዳለሁ፤ ሾፌሩ ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ «የለም» ይለኛል። ታመሽ እንደሆነ አንድ መስመር ጻፊልን። ኤውሴቢያ በህልሟ ውሃ ውስጥ ቆመሽ አይታሻለች፤ በህልም ውሃ ማየትን ደግሞ አልወደደችውም።

ከወረዳው ሁለት ሰዎች መጥተው መንጋውን ቆጥረው ሄዱ። መርፌው የሚጀመረው ዲሴምበር መግቢያ ላይ ነው አሉ። ሰው ሁሉ ተደስቷል። የሟቹ የሶቶካ መበለት ያላት ሰባት እርጉዝ አልፓካ ነው፤ እነሱን ከፊት አሰልፉልኝ ብላ ቃል አስገብታቸዋለች።

ኤርሞኼኔስ ስሙ ገባ አልገባ እያለ በየቀኑ ይጠይቀኛል። በስሙ ምክንያት ተቸግረሽ ከሆነ ተይው፤ የእኔንም አውጪው። ለስም ብለን አልሠራነውም። ዝምታሽ ነው የከበደን።

አጎትሽ ሳቱርኒኖ

*

ቦነስ አይረስ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1997

ለምወድዎ አጎቴ፣

በመጀመሪያ ዝም ስላልኩ ይቅርታዎን። አልታመምኩም። የሴፕቴምበሩን ደብዳቤዎ አንድ ወር ሙሉ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ይዤው ስዞር ነበር።

ምን እንዳደረግሁ ከመናገሬ በፊት ምን እንደሆነ ልንገርዎ። መርፌውን የተወጉት የእርስዎ ስምንት ናቸው። የኤርሞኼኔስ ስምንት አልተወጉም። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በደማቸው ውስጥ መድኃኒት ያጣሁት አልፓካ ቶሎ ስለምታስወጣው አይደለም፤ መጀመሪያውንም ስላልተሰጣቸው ነው። ደማቸው ወፍራም የሆነውም ቀዩን ስለመለስን አይደለም፤ ገና ያልተነኩ ስለነበሩ ነው። ያ ሁሉ የደስታ ደብዳቤዬ ስለማይገናኙ ሁለት መንጋዎች የተጻፈ ነው። መድኃኒቱ ምናልባት ከሳምንትም በላይ ይቆይ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በየሦስተኛው ቀን መውጋት ማለት መርዝ በመርዝ ላይ መደራረብ ነው። እርጉዞቹ ምራቃቸው እየተዝረከረከ፣ እግራቸው እየተጠላለፈ ይወድቁ ነበር። የመበለቷ ሰባቱ ከፊት ተሰልፈው።

እንግዲህ እኔ ይህን አውቄ አንድ ወር ዝም አልኩ። ማን ያውቃል ብዬ ነበር። እርስዎ አያወሩም፣ ግሊሴሪዮ አያውቅም። ዲግሪዬን ልይዝ የቀረኝ ትንሽ ነበር። መርፌውን ብቻ በሌላ ሰበብ ላስቆመውና ጽሑፉ ይቅርልኝ ብዬም አሰብኩ። የኖቬምበሩ ደብዳቤዎ ደርሶ «የእኔንም አውጪው» የሚለውን ሳነብ ግን አለቀስኩ። በዚያው ቀን ለወረዳው ቴሌግራም መታሁ፤ መርፌው ቆሟል። ከዚያ ፕሮፌሰሬ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ጽሑፎቹ ተሰርዘዋል። የትምህርት ድጎማዬም አብሮ ቀርቷል። አሁን ከሰዓት በኋላ የሀብታም ውሾች አጥባለሁ።

በእርስዎ አላሳበብኩም። ያው እንስሳ እስከ መጨረሻው መቆም አለበት ብዬ አልጻፍኩልዎትም፤ ለእኔ ግልጽ ስለሆነ ለሰው ሁሉ ግልጽ መሰለኝ። ለፕሮፌሰሬም ይህንኑ ነው ያልኩት።

እንደገና ይሠራ ብዬ ለመጠየቅ አፍ የለኝም። አክስቴን ይሳሙልኝ።

ዴልፊና

*

ኬሎካንቻ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1997

ለልጄ ለዴልፊና፣

ለጌታ ልደት ቀን የሚሆን ምርቃት ነበረኝ፤ ከደብዳቤሽ በኋላ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ብቻ እግዚአብሔር ብቻሽን አይተውሽ።

ጉረኖው ውስጥ ለብቻዬ ቆሜ አነበብኩት። አዘንኩ። ተቆጣሁም። በማን እንደምቆጣ ሳጣ ኤርሞኼኔስ ላይ ጮህኩበት፤ ምስኪኑ ገመድ እየገመደ ነበር። ለኩሲ አዝኜላት ነው የቀየርኳት፣ ዴልፊና። ያ ሐዘኔ የወረዳውን እናት አልፓካዎች ሁሉ ሊገድል ነበር።  አንቺም የሰው ውሻ የምታጥቢው በእኔ ነው።

እሁድ በመንደሩ ጉባኤ ፊት ቆምኩ። «መርፌውን ያስቆመው ወረዳው አይደለም፣ የእኔ ሥራ ነው» ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ከኋላ አንዱ «ካሪሲሪው ስንት ሰጠህ?» አለና ሰው ሳቀ።

ኤውሴቢያ በዚያ ጉልበቷ ተነሳች። «ስቃችሁ ስትጨርሱ ንገሩኝ» አለች። ሳቁ ሲያልቅ ቀጠለች። «ያቺ ልጅ ዝም ብትል ኖሮ እናንተ ዛሬ የሞተ አልፓካ እየቆጠራችሁ ነበር። ስምንቱ እንደገና ይቆማሉ። ያው ስምንት፣ እስከ መጨረሻው ቀን። ተራ የለም።»

«ታዲያ ሸክሙ የአንድ ቤት ሊሆን ነው?» አለ ኤርሞኼኔስ።

«አይሆንም። ደሙን ከስምንቱ በቀር ማንም ሊሰጥ አይችልም። ገብሱን፣ መኝታውን፣ የሌሊቱን ብርድ ግን ልንካፈልላቸው እንችላለን። ስምንት ቤት ለስምንቱ አበልጅ ይሁን።»

የልጅ ፀጉር መቁረጫ አበልጅ አለን፣ የቤት ጣሪያ አበልጅ አለን፤ የአልፓካ አበልጅ ሰምቼ አላውቅም። መበለቷ መጀመሪያ እጇን አወጣች፤ ኤርሞኼኔስ ተከተለ፤ ሌሎቹም እንዲሁ። ቢጫው ስብ ነው የሚለውን አሁንም ያመኑት ብዙ ናቸው፤ ቢሆንም እጃቸውን አውጥተዋል።

እንግዲህ አፍ የለኝም ላልሽው፣ እኛ ብለነዋል። ግልገሎቹ ካደጉ በኋላ፣ በኤፕሪል፣ ግሊሴሪዮን ላኪው።

አጎትሽ ሳቱርኒኖ

*

ቦነስ አይረስ፣ ማርች 1 ቀን 1998

ለአጎቴና ለአክስቴ፣

የስምንቱንም ቤት ደጅ እግዚአብሔር ይባርክ። ፕሮፌሰሬ ማሽኑንና ግሊሴሪዮን ፈቀደልኝ፤ ከዚያ ያለፈ ምንም ቃል አልገባልኝም።

ሦስት ነገር አደራ። መጀመሪያ፣ ቀዩን መመለስ ባለፈው እንደጻፍኩልዎ ተአምር አይደለም። ያንን ተሳስቼ ነው የጻፍኩት። ደማቸው ቀስ እያለ መሳሳቱ አይቀርም፤ ከስምንቱ የደከመች ካለች ወዲያው ትውጣ፣ በሌላ ግን አትተካ። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ እስከ መቼ እንደሚቆይ ስለማናውቅ እኔ እስክጽፍ ድረስ የስምንቱ ሥጋ አይበላ፣ ቋንጣም አይሁን። ሦስተኛው ልመና ነው። ኩሲን ተዉአት። ሰባት ይበቃኛል።

ዴልፊና

*

ኬሎካንቻ፣ ሜይ 10 ቀን 1998

ለልጄ ለዴልፊና፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዛሬ ቀልድ የለኝም፤ በቀጥታ ልንገርሽ።

ሦስተኛውን ልመናሽን ለኤውሴቢያ አነበብኩላት። «ያቋረጠችው ኩሲ ናት፤ ትጨርስ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። አበልጇ ኤርሞኼኔስ ሆነ።

ሥራው በሥርዓቱ ሄደ። አንድም ዘርፍ አልተፈታም። በየማታው የስምንቱ ቤት ሰዎች ጀርባቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረጉላቸው። መበለቷ የደረቀ ድንች ቀቅላ ለአበልጇ ስታጎርስ አይቻታለሁ። ግሊሴሪዮ ደሙ እየሳሳ መሆኑን በየቀኑ ይነግረኝ ነበር፤ አልደበቀኝም። ግን አንዷም አልወደቀችም። ኩሲ ቀስ ብላ ትበላለች፣ ቀስ ብላ ትነሳለች፤ አሮጊት ናትና ከድሮውም እንደዚያው ናት። እኔ ድካም ነው አላልኩም። ማለት ነበረብኝ ይሆን? አላውቅም።

በመጨረሻው ቀን ዋዜማ በረዶ ጣለ። በማግስቱ ጠዋት ኩሲ ቆማለች። ግሊሴሪዮ የመጨረሻዋን ብልቃጥ ከእሷ ቀዳ፤ እንደ ልማዷ ዝም ብላ ቆመችለት። እሱ ማሽኑ ጋ ሲሄድ ጉልበቷን አጥፋ ተኛች፣ አንገቷን መሬት ላይ ዘረጋች። ኤውሴቢያ ስትደርስ ኩሲ በሕይወት አልነበረችም። ከደሙ ነው፣ ከብርዱ ነው፣ ከዕድሜዋ ነው፣ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

ግሊሴሪዮ ከማሽኑ ሲመለስ ቀዩን በሞቀው ውሃ ለውሶ በእጁ ይዟል። ኩሲን አያት። እጁ ላይ ያለውን አየ። «አጎቴ፣ ይሄንን ምን ላድርገው?» አለኝ። ልጁ አጎቴ ሲለኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። 

ቋንጣ አላደረግናትም። በዚህ ተራራ ሙሉ አልፓካ ሲቀበር ያየ የለም፤ ኤርሞኼኔስ ድንጋዩን በዶማ ሲፈነቅል ሰው ሁሉ ቆሞ ተመለከተ፣ ማንም «ሥጋው» አላለም። ከነቀይ ዘርፏ አስገባናት። ከዚያ ኤውሴቢያ እጇን ዘረጋች፣ ግሊሴሪዮም ሰጣት። ቀዩን ጉድጓዱ ውስጥ አንገቷ ላይ አፈሰሰችው። ግሊሴሪዮ በሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይቶት ገና ይሞቅ ነበር፤ እንፋሎቱ ታየን። «ያንቺው ነው፣ ወስደሽዋል» አለቻት።

ቢጫው በበረዶ ሳጥኑ መንገድ ላይ ነው። ከእሷ ከመሬት በላይ የቀረው ያ ብቻ ነው። ደህና አድርገሽ አንብቢው።

አጎትሽ ሳቱርኒኖ

*

ቦነስ አይረስ፣ ጁን 21 ቀን 1998

ለአጎቴ፣ ለአክስቴ ኤውሴቢያና ለስምንቱ አበልጆች፣

ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው። አክስቴ፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም፤ ስመጣ አብሬሽ እቀመጣለሁ።

ሳጥኑ ደርሷል። ሁሉንም ለካሁ፤ የኩሲን የመጨረሻዋን ብልቃጥ ለብቻዬ ሆኜ ለካኋት። መድኃኒቱ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻም ገና አለ። ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ቁጥሩ ለወረዳው ሄዷል። በዓመት አንድ መርፌ ይበቃል፤ ያውም እርጉዞቹ ከወለዱ በኋላ። የመበለቷ ሰባቱ ይኖራሉ።

ቀዩ እየተመለሰም ደሙ እንደሚሳሳ፣ በእናንተ ከፍታ ለአሮጊት እንስሳ እንደማይበቃ ጽፌአለሁ። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚቀዳውን ደም እንዲቀንስና ቶሎ እንዲያቆም ብዬ ነው።

የወረቀቱን አንድ ቅጂ ለግድግዳው ልኬአለሁ። የምስጋናው ስሞች በመጨረሻው ገጽ ላይ ናቸው፤ የኤርሞኼኔስ ከእርስዎ በፊት ነው። ከሁላችሁም በፊት ግን የኩሲን ጽፌአለሁ፤ ኤርሞኼኔስ ቅር አይበለው።

ዴልፊና